ለቅሶ ቤት የተሠራ ፊት

ለቅሶ ቤት ስገባ ሁልጊዜ በሩ ጥግ ነው የምቀመጠው፤ ቶሎ ለመውጣት እንዲመቸኝ። "ብርቅነሽ ኩራቷ አይጣል ነው" ይሉኛል፤ ይበሉ፤ በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ ነው የማስረዳው። ባለፈው ወር እዚሁ ኮምቦልቻ፣ አንድ ጎልማሳ ጎረቤታችን ባጃጅ ተገልብጦበት ሞተና ሄድኩ። የአክስቱ ልጅ አብራው ተሳፍራ ነበር፤ እሷ እጇን ተጭራ ተርፋለች። ጠዋት "እንዴት ሆነ?" ሲሏት፣ "እኔ ምን አውቄ፤ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር ጓ አለ፤ ከዚያ መሬት ላይ ነን" አለች። ረፋዱ ላይ ሌላ ለቀስተኛ ገባ። እንደ ደንባችን እንደ አዲስ "እንዴት ሆነ እባክሽ?" አሏት፤ እሷም እንደ አዲስ ተናገረች፤ አሁን ከፊት ለፊት ነጭ መኪና መጥቶ ነበር። ከምሳ በኋላ አንዷ ሴት "የመኪናው ሾፌር ስልክ ያወራ ነበር አሉ" ብላ ጣል አደረገች። ማምሻውን ልጅቷ ራሷ፣ ነጩ መኪና ውስጥ ያለው ሰውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲስቅ ማየቷን እንባዋ እየወረደ ትናገር ነበር። አልዋሸችም። መሐላ አልወድም እንጂ እምልላት ነበር፤ አየሁት ስትል እያየችው ነው። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። እኔን እኮ አንድ ለቅሶ ቤት ወንድሜን በልቶብኛል።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሻይ በዳቦ በስሙኒ የሚጠጣበት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ሄደ። ደሴም ዛሬ የምታዩዋት ደሴ አልነበረችም። ማታ ማታ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ይወርድና ከተማውን ጠቅልሎ ይይዘዋል፤ ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር የሚሄድ ሰው የየሱቁን ፋኖስ እያየ ነው መንገዱን የሚያውቀው። እኛ ሴቶቹ ናይለን ሻሽ አስረን እንሽቀረቀራለን፤ ወንዶቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ ማበጠሪያውን እዚያው ፀጉራቸው ላይ ሰክተው፣ በቤል ቦተም ሱሪያቸው የሰኞ ገበያን ጭቃ ይጠርጋሉ። ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ያለው ሻይ ቤት ድምፅ ማጉያውን ደጅ ሰቅሎ ከቀትር ጀምሮ ያዘፍናል። እማዬ ጴንጤ ነበረችና ዘፈኑ ሲጀምር መስኮቷን ድርግም ታደርጋለች። እኔ ደግሞ ሳህን ላለቅልቅ ብዬ ደጅ እወጣለሁ። ሳህኑ የጠራበት ዘመን ቢኖር ያ ዘመን ነው። አሁን ደሴ ሁሉ መስታወትና ፎቅ ሆኗል አሉ፤ እኔ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ለምን እንደወጣሁ እነግራችኋለሁ።

ወንድሜ ደምሴ በደሴና በኮምቦልቻ መሀል በሚመላለስ ሎንቺና ላይ ረዳት ነበር። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "የቀረን አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ብሎ ሲጮህ ውስጡ ግማሹ ባዶ ነው። ረጅም፣ ጥቁር፣ ሳቂታ። ከሳልባጅ ተራ የገዛትን አንዲት ግራጫ ካፖርት ክረምት ከበጋ አያወልቅም፤ አንገቷ ሰፊ፣ ከቁልፎቿ አንዱ የጎደለ፤ እኔ ሌላ ቀለም ቁልፍ ተክቼለት ተጣልተናል። ያን ሰሞን ገበያው ላይ አንድ ትልቅ የልብስ ቦንዳ ተፈትቶ ስለነበር የከተማው ጎረምሳ ግማሹ ያንኑ ካፖርት ለብሶ ይዞር ነበር። ጉሙ ሐረጎ ላይ ሲተኛ ሾፌራቸው ዳገቱን አልወጣም ብሎ ኮምቦልቻ መኪናው ውስጥ ያድራሉ። በዚህ ምክንያት ደምሴ ቤት የሚያድርበት ሌሊት ጥቂት ነበር፤ እኛም ወደዚያ ሰፈር የገባነው በቅርቡ ነውና አብዛኛው ጎረቤት የእማዬን ልጅ በስም እንጂ በመልክ አያውቀውም።

ከአጥራችን ማዶ ጋሽ ሳልህ ነበሩ። አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ ላይ የቀሩ ነጋዴ ናቸው። የሳቸውም ሱቅ ደጃፉ ላይ ገና ሳትደርሱ ሄሉና ቅርንፉዱ ይቀበላችኋል፤ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ በደጃፋቸው ላለፈ ልጅ ሁሉ ተምር ያቃምሳሉ። ሚስታቸው እትዬ ዘሃራ ያኔ ሠላሳ አልሞላትም። ሰፈሩ ውስጥ እኛን መጀመሪያ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ያለችን እሷ ናት። ሴቶች "ጴንጤዎች ናቸው አሉ" እያሉ ሲያንሾካሹኩ፣ እሷ ሹሮ በሰሃን ይዛ መጥታ እማዬን "አብሽሪ፣ እኛም አለን" አለቻት። እንዲህ ያለች ሰው ናት። ይሄን የምነግራችሁ ክፉ ሰው ናት እንዳትሉብኝ ነው።

አንድ ማታ ጋሽ ሳልህ የኢሻ ሶላት ሰግደው ሲመለሱ በራቸው ላይ ሰው ጠበቃቸው። ሱቅ ዘግተው ስለመጡ ገንዘብ ይዘዋል ብሎ ነው። ሲታገሉ ሰምታ እትዬ ዘሃራ ፋኖስ ይዛ በሩን ከፈተች፤ ጩቤውን የያዘው ሰውዬ ዞር ብሎ አያት፤ ፋኖሱ ከእጇ ወደቀና ጠፋ። ያየችው ይሄን ያህል ነው፤ ዐይን ገርበብ ብሎ እስኪከደን ያህል፤ ያውም በጉም ውስጥ። ጋሽ ሳልህ ተወግተው እዚያው ደጃፋቸው ላይ ሞቱ፤ መጀመሪያ የደረሰችው እማዬ ናት። እትዬ ዘሃራ እማዬ ጭን ላይ ወድቃ፣ "ፊቱን አላየሁትም እቱ፣ ጉም ነው፣ አጭር ሰው መሰለኝ፣ ያ አላህ፣ አጭር ሰው" አለች። እማዬ ይህን ቃል እስክትሞት ድረስ አንድ ፊደል ሳትቀይር ትናገረው ነበር። እኔም ከኋላዋ ነበርኩ። ሰምቻለሁ እላለሁ፤ ግን ከእማዬ አፍ ስንት ጊዜ ከሰማሁት በኋላ የቱ የእማዬ አፍ፣ የቱ የራሴ ጆሮ እንደሆነ አሁን ለይቼ አላውቀውም። እንዲህ ነው ነገሩ።

በማግስቱ ጉሙ ሲገለጥ ደምሴ ከኮምቦልቻ መጣ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ እማዬ፣ "ሂድና አገልግል፤ አዲስ ጎረቤት ነን፤ ሰው አይታዘበን" አለችው። ሄደ። የለቅሶው ተእዚያ በቆየበት ሦስት ቀን ከዚያ ቤት አልወጣም። ድንኳን ተከለ፣ ውሃ ቀዳ፣ ፍራሽ ተሸከመ። ማታ ማታ ደግሞ ወንዶቹን አስታጥቦ ሲጨርስ እማዬ ጠርታ ወደ ሴቶቹ ክፍል ታስገባዋለች፤ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ እያንዳንዷ ለቀስተኛ ፊት በርከክ እያለ እጅ ያስታጥባል። ፋኖሱ ከጎኑ ነው። እትዬ ዘሃራ መሀል ተቀምጣለች፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፣ እንቅልፍ የሚባል በዐይኗ አልዞረም። እሷም ጋ ደርሶ ይበረከካል። ፊቱ ከፊቷ ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም።

በመሀሉ ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል። የገባው ሁሉ "እንዴት ሆነ?" ይላል። ካልጠየቁ እኮ ሐዘንተኛዋን የናቁ ይመስላል፤ እሷም ካልተናገረች ሟቹን ያቃለለች ይመስላል። ከቢስቲማ ዘመድ መጣ፤ ተናገረች። ከገራዶ መጡ፤ ተናገረች። አንዷ "ረጅም ነው አይደል?" ትላታለች፤ ሌላዋ "መቼም ዱርዬ ነው፤ ፀጉሩ የጎፈረ መሆን አለበት" ትላለች። መጀመሪያ "እንጃ" ትል ነበር። በሁለተኛው ቀን "እንዲያ ሳይሆን አይቀርም" አለች። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይጠይቃት ሰውዬው ረጅም ሆነ፣ ጥቁር ሆነ፣ ግራጫ ካፖርት ለበሰ። አንድ ጊዜ ወንድሜ ውሃውን ሲያፈስላት ትክ ብላ ስታየው አስታውሳለሁ። ምስኪን፣ ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። እንግዲህ ማን ምን ብሎ ይጠርጥር!

ካፖርት ስትል ፖሊስ ወዴት ይሂድ? ካፖርት ለባሽ ጎረምሶችን፣ የመኪና ረዳቶችንም ጭምር፣ ለቃቅሞ ጣቢያ ግቢ ውስጥ አሰለፈ። እትዬ ዘሃራ ባል የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበት ኢዳ ላይ ናት፤ ከቤት የማትወጣዋን ሴት ተሸፋፍና በዘመዶቿ ተደግፋ አመጧት። ሰልፉን አንድ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ወንድሜ ጋ ሄዳ ትከሻውን ያዘችና እሪ አለች። ደምሴ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? "እትዬ፣ ምነው፣ አመመሽ?" ነው ያላት። እንዳትወድቅ ደግፏታል። ፖሊሱ ኋላ ችሎት ላይ ይህንኑ "በማስመሰል" ብሎ ቆጠረበት።

የችሎቱ ቀን ግድግዳው ውሃ የበላው አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን ቆምን፤ እማዬ ብቻ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የኛ ምስክር ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ ነበር። ከእማዬ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት፤ ጠንቃቃ፣ ቃሉን እየመዘነ የሚናገር፣ "ነገ እመጣለሁ" ከማለት "ጌታ ቢፈቅድ" ማለት የሚቀድመው ሰው። "ተከሳሹ ያን ሌሊት ኮምቦልቻ ከኔ ጋር ነው ያደረው" አለ። እማዬ በረጅሙ ተነፈሰች። ዳኛው፣ "ያን ሌሊት መሆኑን እርግጠኛ ነህ?" አሉት።

ጋሽ ታደሰ ሌሊቶቹን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። እኔ በልቤ 'በል እንጂ፣ አዎ በል!' እያልኩ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀብሬዋለሁ።

"እርግጠኛ ነኝ ካልኩ ከፈጣሪዬ እጣላለሁ ጌታዬ" አለ። "ያን ሳምንት ጉሙ ሐረጎን ደጋግሞ ዘግቶታል። ያደርንበት ሌሊት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ያ ሌሊት ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል ነው ያልከው?"

"አዎ፣ ይመስለኛል።"

ከዚያ እትዬ ዘሃራ ተጠራች። ጥቁሯን ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ጣቷን ወደ ወንድሜ ቀስራ፣ "ወላሂ እሱ ነው። ይህን ፊት አፈር ውስጥ ብገባም አልረሳውም። ከዚህ ቅርብ አይቼዋለሁ" አለች። እጇን ፊቷ አጠገብ አድርጋ ርቀቱን አሳየች። ያ ርቀት የእጅ ማስታጠቢያው ርቀት ነው! ከቆምኩበት ልጮህ ነበር። እማዬ ግን ቀድማኝ ተነሥታ፣ "መጀመሪያ አላየሁትም ብላኛለች፤ አጭር ነው ብላኛለች!" አለች። ዳኛው፣ "እርስዎ ምኑ ነዎት?" አሏት። "እናቱ" አለች። "ይቀመጡ" አሏት። አንዱ ቃሉን መዘነና አልታመነም፣ አንዷ ሳትንተባተብ ተናገረችና ታመነች። ዳኛውን አልረግምም፤ እኔም ካባውን ለብሼ እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ የማምነው እሷን ነበር።

ተፈረደበት፤ የእስሩን ዓመታት ምን ብዬ ላውራላችሁ። የእስር ቤቱ በር ላይ በሳህን ምግብ ይዞ መሰለፍ ነው። ከእማዬ ጋር፣ በኋላ ደግሞ ብቻዬን። ጥሩ ጥሩ ልብሶች ፋሽናቸው አለፈ፤ ቤል ቦተሙ ጠበበ፣ ያ የጎፈረ ፀጉር ተላጨ፣ ስሙኒም ዳቦ መግዛት አቃታት፤ ወንድሜ ግን በዚያች ቀን ዕድሜ ላይ ቆሞ የቀረ ይመስለኝ ነበር፤ ፊቱን በሽቦ ውስጥ ሳየው ብቻ ነው ማርጀቱን የማስታውሰው። ያጫት ልጅ ጠብቃ ጠብቃ አገባች፤ አልፈረድኩባትም። እማዬ "ሂድና አገልግል ያልኩት እኔ ነኝ" እያለች ራሷን በላች። ለእትዬ ዘሃራ ግን በየማታው ትጸልይላት ነበር፤ እኔ አላደርገውም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ምሕረት ተባለና ፈቱት። ሲመጣ እማዬ የለችም። ምሕረት ደግሞ ጥፋተኛ ለሆነ ነው የሚሰጠው፤ ልጆች መንገድ ላይ ሲያልፍ "ገዳዩ፣ ገዳዩ" እያሉ በሹክሹክታ ይከተሉት ነበር። የት ይሂድ? ያው የእማዬ ቤት ነው፣ ያው አጥር፣ ያው ጎረቤት። እትዬ ዘሃራ እሱ ሲወጣ በሯን ትዘጋለች።

እንዲህ እየኖርን አንድ ቀን ከደጋን ሽማግሌዎች መጡ። እዚያ አንድ ሰው ሊሞት ሲል ጠርቷቸው፣ "የደሴውን ነጋዴ ሳልህን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ታስሮበታል፤ አፉ ይበለኝ" ብሎ ሞተ። በዕለቱ ከጋሽ ሳልህ ወገብ የወሰደውን ቀበቶ አውጥቶ ሰጥቷቸዋል፤ እትዬ ዘሃራ አየችውና የባሏ መሆኑን አወቀችው። እኔ ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፤ "ሰውዬው ምን ይመስል ነበር?" አልኩ። "ቀይ ነው፣ አጭር፤ እዚህ ድረስ" አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

እትዬ ዘሃራ ላከችብን። ደምሴና እኔ ገባን። ያች ቀጥ ብላ የቆመች ሴት ጎብጣለች። ከመቀመጫዋ ወርዳ መሬት ተንበረከከችና እግሩን ልትይዝ ስትል ብድግ አደረጋት። "ደምሴ፣ ዕድሜህን በልቻለሁ። ለአላህ ብለህ አፉ በለኝ" አለች።

"አፉ ብያለሁ" አላት። "ዋሽተው እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አሁን፣ እውነቱን ካወቁ በኋላ፣ ዐይንዎን ጨፍነው ያን ማታ ሲያስቡት ማንን ነው የሚያዩት?"

 ልጇ ሰዓዳ "እማ፣ ተይው" አለቻት። እሷ ግን ዐይኗን ጨፈነች፤ ቆየች፤ እንባዋ በተከደነው ዐይኗ ስር ወረደ።

"ወላሂ አልዋሽህም" አለች። "አንተን ነው። ሌላውን ሰውዬ ላስገባው ብል እምቢ አለኝ። አንተ ነህ ዞር የምትለው።"

ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲፈረድበት አላለቀሰም። ቤት ስንገባ፣ "ከዚያስ አልተፈታሁም ማለት ነው" አለኝ።

ያም ሆኖ ዓመታት አለፉ፤ ጎረቤት ሆንን። ለኢድ ትልክልናለች፣ ለገና እንልክላታለን፤ አጥሯ ሲያጋድል ደምሴ ነው የሚያቃናላት። የሰፈሩ ልጆችም እየተከተሉት ማንሾካሾክ ተዉ። በመጨረሻ ግን እርጅናው መጣና እትዬ ዘሃራን መርሳት ያዛት። አረሳሷ ጨካኝ ነበር፤ ከቅርቡ ጀምሮ ነው የበላው። የልጅ ልጆቿ ጠፉ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጠፉ፣ ቀበቶው ጠፋ፣ አፉ በለኝ ያለችው ጠፋ። ያ ፊት ግን ቀረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ደምሴ ከሱቅ ዳቦ ይዞ ሲመለስ በሯ ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር፤ አየችውና እሪ አለች። "ገዳዩ! ሳልህን የገደለው! ያዙልኝ!" ሰፈሩ በአዲስ ሰው ተሞልቷል፤ ነገሩን የማያውቁ ጎረምሶች ያን ሽማግሌ መሬት ላይ ጣሉት። ሰዓዳ በባዶ እግሯ ሮጣ ደርሳ ነው ያስጣለችው።

ማምሻውን ቤታችን መጣች። በሩ ላይ ቆማ መግባት አቃታት። "ጋሼ ደምሴ፣ በምን አፌ ልበልዎ" አለች። "ካየችዎት ጀምሮ ትንቀጠቀጣለች። ይመጣል፣ ይገድለኛል ትላለች። ሌላ ሰው ነው፣ ተናዟል፣ እሱ ንጹሕ ነው እላታለሁ፤ ስነግራት እንደ አዲስ ነው የምትሰማው፤ ጭራሽ እኔንም ከሱ ጋር ነሽ አለችኝ።"

እኔ ቱግ አልኩ። "እና ምን ያድርግላችሁ? ፊቱን ቆርጦ ይስጣችሁ?" አልኳት። ደምሴ በእጁ ዝም በይ አለኝ። ግንባሩ ላይ ያለው ጭረት ገና ደሙ አልደረቀም።

"ንጹሕ ነው አትበያት፤ እንዲያ ስትያት ነው የምትፈራው" አለ። "ተያዘ በያት። ታሰረ፣ አይወጣም በያት። እኛ ኮምቦልቻ እንወርዳለን፤ በደጃፍሽ አላልፍም።"

ሰዓዳ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ቤቱን ሸጥን፤ ወረድን። ደምሴ አሁን የኮምቦልቻ ቆላ ተስማምቶኛል ይላል፤ እኔ እንጃ። ሰዓዳ በየሳምንቱ ትደውልለታለች። የመጀመሪያዋን ጊዜ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"ጋሼ፣ እንዳሉኝ አልኳት። ወዲያው ተኛች፤ ስንት ቀን ያልተኛችው" አለች።

"ተመስገን። ምን አለችሽ?"

"ስንት ዓመት ፈረዱበት አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ዕድሜ ልክ አልኳት።"

"ደግ አደረግሽ ልጄ" አላት።